ያፈሰስኩት ውሃ

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ዛሬም ባዶ።

ሳህኖቹን ከማሞቂያው አውጥቼ ወደ መስኮቱ አዞርኳቸው። አንድ ነጥብ እንኳ የለም። ኤያል ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ አይቶ "ዮፊ፣ ጥሩ ነው፣ ቢያንስ አልቆሸሸም" አለኝ። ኤያል አብሮኝ የሚሠራ የክርያት ሞጽኪን ልጅ ነው። ማጽናናቱ ነው እንግዲህ።

ሥራዬ ሲነገር ቀላል ነው። የሸርጣን ቅርፊት እቆራርጣለሁ፣ የባሕር ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ቪብሪዮዎቼን እጨምራለሁ። ቪብሪዮ ጎበጥ ያለች የባሕር ባክቴሪያ ናት። የኮሌራ ዘመድ ናት፣ የእኔዋ ግን ሰው አታሳምምም። ቅርፊቱ ላይ ተሰብስበው ይበሉታል። ሁለት ቀን አቆይቼ የሌላ ባክቴሪያ ዲኤንኤ አፈስላቸዋለሁ፤ አንቲባዮቲክ የሚያስችል ዲኤንኤ። የወሰደችው በመድኃኒቱ ሳህን ላይ አድጋ ነጥብ ትሆናለች። ያልወሰደችው ትሞታለች።

መውሰድ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። የሌላው ሰው ሁሉ ቪብሪዮ ይወስዳል። የእኔዎቹ ብቻ...

ማታ እማዬ እንደ ልማዷ ጆግ ውሃ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሸርጣን ነክቶ እሷ ቤት መግባት የለም። በሕጋችን የማንበላውን ነገር እየነኩ መዋል ምን ዓይነት ትምህርት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባትም። እጄን ዘረጋሁ፣ አፈሰሰችልኝ፣ ደግማ አፈሰሰችልኝ።

"እማዬ፣ ጓንት አደርጋለሁ እኮ።"

"ጓንቱንስ ማን ነካው?"

ታጠብኩ።


ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሞሪያ ጠራችኝ። ፕሮፌሰሯ፣ የመዓብዳችን፣ ማለት የቤተ ሙከራችን፣ ኃላፊ። "በሩን ዝጊው" አለች። በሩን ዝጊው ስትል ደግ ነገር አይከተልም።

"ንግሥቴ፣ ከፋሲካ ወዲህ ምንም የለም።"

"አውቃለሁ።"

"አሠራርሽን አይቻለሁ። ንጹሕ ነው። ግን አይወስዱም።"

ትንሽ ጊዜ ስጪኝ አልኳት። እስከ ሃኑካ በዓል፣ እስከ ታኅሣሥ መግቢያ አለች። ካልሆነ ቪብሪዮዎቹ ለኤያል ይሰጣሉ፣ እኔ በሌላ ትንሽ ርእስ ማስተሬን እጨርሳለሁ። በትንሽ ርእስ መጨረስ ማለት ዶክትሬት የለም ማለት ነው። አልተናገረችውም፣ ግን ሁለታችንም ሰማነው።

ስንት ዓመት በአረጋውያን ቤት ሽማግሌ ሳነሣና ሳስተኛ ኖሬ፣ በስተርጅና ተማሪ የሆንኩት ለዚህ ነበር? አሁን ከመዓብዳው ሰው ሁሉ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ፣ ከሞሪያ በቀር።

ክፋት የላትም። እሷም ለበላይ መልስ መስጠት አለባት። እኔን ያስለቀሰኝ ሌላ ነው... እነሱን ለኤያል መስጠት። የዘወትር ጎረቤቶቼ ሆነዋል። አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ፣ ወደ መስኮት ዞሬ።


ጥቅምት 16፣ እሑድ

ዛሬ ሥራ ትቼ አንድ ፊልም ሳይ ዋልኩ። ሌሎች ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ ያነሡት ነው። ባክቴሪያዋ አረንጓዴ ታበራለች፣ ዲኤንኤው ቀይ። ከሰውነቷ ቀጭን ክር ትልካለች። ክሩ ይረዝማል፣ ይወዛወዛል፣ የዲኤንኤውን ጫፍ ይነካል... ከዚያ ትስበዋለች። ቀዩ ነገር ወደ ውስጧ ይገባል።

ደጋግሜ አየሁት። ዓይን የላት፣ እጅ የላት፣ ጭንቅላት የላት። የሞተች ጎረቤቷ ጥላው የሄደችውን ዕውቀት ከውሃ ላይ አንሥታ የራሷ ታደርገዋለች። ከዚያ በኋላ ልጆቿም፣ የልጆቿም ልጆች ያንኑ ያውቃሉ። እኛ ለዚህ ስንት ዓመት ነው ትምህርት ቤት የምንመላለሰው?

በጣም ነው የማደንቃት። ለሰው ብነግር ያበደች ይሉኛል።


ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ባዶ።


ጥቅምት 24፣ ሰኞ

አብረን ጎመን ስንቀነጥስ እማዬ "እኒያ ትሎችሽ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ?" አለችኝ።

"ትል አይደሉም። ይነጋገራሉ።"

"አፍ አላቸው?"

የላቸውም አልኳት። እያንዳንዷ አንዳች ትንሽ ነገር ወደ ውሃው ትለቃለች፣ እንደ ሽታ ያለ። ብቻዋን ከሆነች ነገሩ በባሕሩ ጠፍቶ ይቀራል። ብዙ ሲሆኑ ግን ውሃው በእሱ ይሞላል፣ ያን ጊዜ እያንዳንዷ ብዙ መሆናቸውን ታውቃለች።

"አውቃስ ምን ይረባታል?"

ይህን ጊዜ ጎመኑን ትቼ በደንብ ነገርኳት። ብቻዋን ያለችው ዲኤንኤ ስታገኝ በመቁረጫዋ ትቆራርጠዋለች፣ ለእሷ ምግብ ነው። ብዙ መሆናቸውን ሲያውቁ መቁረጫውን ያቆሙታል። ያ ክር ይሠራል፣ ዲኤንኤው ሳይቆረጥ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ምግብ መሆኑ ቀርቶ ትምህርት ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚወስነው በውሃው ውስጥ ያለው መልእክት ነው።

እማዬ ጎመኑን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

"እኔም እዚህ አገር ስገባ እንዲያ ነበርሁ" አለች። "ሆዴን ነበር እማስብ። ዕብራይስጥ ሊያስተምሩኝ ሲቀመጡ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ኋላ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ጎንደሬ ሲገኝ ነው ጆሮዬ የተከፈተ።"

ይህን ነግራኝ አታውቅም። ብዙ ልጠይቃት ፈለግሁ፣ ግን ጎመኑን ይዛ ተነሣች።


ኅዳር 1፣ ሰኞ

ባዶ። ጨዉን ለወጥኩ። ቅርፊት ከሌላ ቦታ አስመጣሁ። ዲኤንኤውን እንደ አዲስ ራሴ አዘጋጀሁ። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር የሳህኖቹን ውሃ እቀይራለሁ፣ ከእኔ በላይ የሚያጸዳ የለም። ምን ቀረኝ?

ኤያል "ምናልባት ያንቺዎቹ ችሎታቸውን ረስተው ይሆናል" ይላል። እንዲያ ከሆነስ ደህና። ችግሩ እኔ ከሆንኩ ነው የሚከፋው።


ኅዳር 8፣ ሰኞ

ሐሙስ ሲግድ ነው፣ የእኛ የጾምና የጸሎት በዓል። ዲኤንኤ የሚጨመርበትም ቀን ሐሙስ ሆነ። ቀኑን ማንቀሳቀስ አልችልም፣ ቪብሪዮዎቹ ቅርፊቱ ላይ ሁለት ቀን የሚሞላቸው ያን ዕለት ነው። እማዬን ብቻዋን ኢየሩሳሌም መላክም አልችልም። እየጾመች አቀበት ትወጣለች።

ኤያልን ለመንኩት። "ቤሰደር፣ እሺ፣ ምን አለበት" አለ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሳህኖቹን እሱ ይይዛል። የአሠራሩን ወረቀት ሰጠሁት። "እንደ ተጻፈው" አልኩት። "እንደ ተጻፈው" አለ።


ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ከኢየሩሳሌም ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ። እማዬ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች።

ቄሶቹ በጃንጥላቸው ሥር ቆመው ሲያነቡ ከየከተማው የመጣው ሰው ሁሉ ኮረብታውን ሞልቶት ነበር። እማዬ ቤት ውስጥ ስትጸልይ ድምፅዋ አይሰማም፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ዛሬ ግን ከጎኔ የማላውቀው ድምፅ ወጣ። ወፍራም፣ የወጣት ሴት ድምፅ። ዞሬ አየኋት፣ እሷ ናት።

ስለ ሳህኖቹ ላስብ አልፈለግሁም። አሰብኩ።


ኅዳር 14፣ እሑድ

ሞልቷል።

ገና ኮቴን ሳላወልቅ ኤያል ሳህኑን ዘረጋልኝ። ነጥብ በነጥብ ላይ። ትልልቅ፣ ክሬም የሚመስሉ... ዲኤንኤውን ወስደዋል፣ መድኃኒቱን ችለው አድገዋል። የእኔ ቪብሪዮዎች፣ የእኔ ቅርፊት፣ የእኔ ዲኤንኤ።

የኤያል እጅ።

"ምን አደረግህ?" አልኩት። "ምንም" አለ። ደስ ብሎት ነበር ምስኪን፣ ለእኔ ብሎ። እኔም ደስ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።


ኅዳር 15፣ ሰኞ

ሞሪያ በሩን ሳታዘጋ ነገረችኝ። "እንግዲህ ይሠራል ማለት ነው። ለጊዜው ኤያል ይቀጥል።"

"ለጊዜው ማለት?"

"እስከምናውቅ ድረስ።"

ምን እስከምናውቅ? እጄ ምን እንደ ሆነ? ከቀትር በኋላ ምንም አልሠራሁም። ፒፔት ሳጸዳ ዋልኩ።


ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ገባኝ።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ኤያልን "ሥራውን እፊቴ አድርገው" አልኩት። እሱ አንድ ሳህን፣ እኔ አንድ ሳህን፣ ጎን ለጎን። እሱ ያደረውን ውሃ አፈሰሰ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በቀስታ አለቀለቀ፣ ዲኤንኤውን ጨመረ፣ ጨረሰ። ቀና ሲል እኔ ገና እያጠብኩ ነው።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እያለቀለቅኩ።"

"ወረቀቱ አንድ ጊዜ ነው የሚለው።"

"እስኪጠራ ነው እንጂ።"

"የት ነው እስኪጠራ የሚለው?"

የትም አይልም። ወረቀቱን የጻፈው ሰው እማዬን አያውቃትም። እማዬ ያደገችው ወንዝ ዳር ነው። የሚታጠበውም የሚነጻውም በወራጅ ውሃ ነው፣ የቆመ ውሃ አትወድም። ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ሳይደፋ ቀኑ አይጀመርም። እኔም ሳህኖቼን እንዲያ ነው የያዝኳቸው። ጠዋት ቀይሬ፣ ማታ ቀይሬ፣ ዲኤንኤው ከመጨመሩ በፊት ደግሞ ውሃው እንደ ምንጭ እስኪጠራ።

መልእክታቸው ያለው እኮ እዚያ ውሃ ውስጥ ነው። ቅርፊቱ ላይ ስንትና ስንት ሆነው ተቀምጠው፣ እኔ ውሃውን በደፋሁ ቁጥር እያንዳንዷ ብቻዋን የቀረች መስሏታል። መቁረጫዋን አውጥታ ዲኤንኤዬን በላችው። እኔ ነኝ ያስራብኳት ለካ... አስራብኳት እንኳ አይደለም፣ አስረሳኋት፣ ሰው እንዳላት።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ጎመን ላይ ቁጭ ብዬ አስረድቻለሁ። ጭንቅላቴ ያውቃል። ለእጄ የነገረው የለም።

ለኤያል ስነግረው ሳቀ፣ መሬት ላይ ቁጭ እስኪል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ እኔም ሳቅኩ።


ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ሞሪያ ሰማችኝ። ፊቷ አልተለወጠም። "ጥሩ ታሪክ ነው" አለች። "ግን ታሪክ ነው። ብዙ ስታጥቢ ባክቴሪያዎቹም ተጠራርገው ሄደው ይሆናል። መልእክቱ ነው ወይስ ቁጥሩ?"

ልክ ናት። ስታናድደኝም ልክ ናት።

አውቶቡስ እስኪመጣ ቆሜ ሳለ መጣልኝ። የማፈሰውን ውሃ አልደፋውም። ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳልፈዋለሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ አጥቤ፣ ለአንዱ ሳህን አዲስ የባሕር ውሃ፣ ለሌላው ያንኑ የራሳቸውን የተጣራ ውሃ መመለስ። ሁለቱም እኩል የታጠቡ ናቸው፣ ልዩነቱ ውሃው ብቻ። የራሳቸውን ውሃ ያገኙት ዲኤንኤውን ከወሰዱ፣ ያጡት መልእክቱን ነበር ማለት ነው።

ተመልሼ ወጣሁ። ሞሪያ ቦርሳዋን ይዛ ልትወጣ ነበር።

"አድርጊው" አለች። "ሃኑካ ግን ሃኑካ ነው።"


ኅዳር 19፣ ዓርብ

ሻባት ሳይገባ ለእማዬ ነገርኳት። እንዳይከፋት ፈርቼ ዙሪያውን ስዞር፣ እሷ ቀድማ ገባት።

"ማጠብሽ ነው ያጠፋ?"

"ለእነሱ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም።"

"እኔ ነኝ እንዲያ ያስለመድሁሽ።"

"አይደለም እማዬ..."

"ነኝ እንጂ።" ጆጉን አነሣች። ከዚያ "ታዲያ በር ላይ ሳትታጠቢ ልትገቢ ነው?" አለችኝ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አላወቅሁም። እጄን ዘረጋሁላት፣ አፈሰሰችልኝ።


ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ዋናው ቀን። የተጣራውን ውሃ መለስኩላቸው። ጨርሼ ዲኤንኤውን ላነሣ ስል ኤያል እጄን ያዘኝ።

"ሬጋ፣ ቆዪ። ሬጋ፣ ንግሥቴ። ምንድን ነው የያዝሽው?"

አየሁት። ሳህኑን ይዣለሁ፣ ልደፋው ዘንበል አድርጌዋለሁ። የመለስኩላቸውን ውሃ እንደገና ላለቀልቅ! እጄ በራሱ ጊዜ። ሁለታችንም ደንግጠን ቀረን።

ኤያል እስክጨርስ ድረስ ከጎኔ አልተነሣም። ርእሱን ወስዶ ዝም ማለት ይችል ነበር እኮ። ይህን ሳስብ ዛሬ ከቪብሪዮዎቹም ይልቅ እሱን አደነቅሁት።


ኅዳር 28፣ እሑድ

ነጥብ አለ። ግን አይረባም።

ማጣሪያው ቀዳዳ ነበረው። የተጣራውን ውሃ ብቻውን ሌላ ሳህን ላይ ጠብ አድርጌ ነበር፣ ለማረጋገጥ። እሱም በቀለ። ባክቴሪያ አልፏል ማለት ነው። ቁጥር ይሁን መልእክት አይለይም። ይህን ጠብታ ባላስቀምጥ ማንም አያውቅም ነበር... እኔ ግን አውቃለሁ።

ለሞሪያ ራሴ ወስጄ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ለአንድ ሙከራ ጊዜ አለሽ" አለች።


ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

አዲስ ማጣሪያ፣ ሁለት ጊዜ የተፈተሸ። እጆቼን በማያስፈልጉበት ጊዜ ኪሴ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። የምሬን ነው።


ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ዛሬ ማታ የሃኑካ የመጀመሪያው ሻማ ነው።

የተጣራው ውሃ ብቻውን፦ ምንም አልበቀለበትም። ማጣሪያው ደህና ነው።

ታጥበው አዲስ ውሃ ያገኙት፦ ባዶ። እንደ ወትሮው ሳህኖቼ።

ታጥበው የራሳቸውን ውሃ ያገኙት፦ ሞልቷል። ከዳር እስከ ዳር።

ቁጭ አልኩ። ማንንም አልጠራሁም። የቆሻሻ ውሃ ብዬ ስደፋው የኖርኩት... አንዲት ባክቴሪያ እንኳ የሌለበት ውሃ፣ ቃላቸው ብቻ የቀረበት፣ ሲመለስላቸው "ብዙ ነን" ብለው አመኑ። አምነውም መቁረጫቸውን አስቀመጡ፣ ክራቸውን ላኩ። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ ላየው መታደሌ ገረመኝ።

ሞሪያ መጣች። ሦስቱንም ሳህኖች አንሥታ አየች፣ አስቀመጠች፣ ደግማ አነሣች። "ርእሱ ያንቺ እንዲሆን የወሰንኩት ከቀዳዳው ማጣሪያ ጋር ስትመጪ ነበር" አለችኝ። "ይህ ደግሞ ለሳይንስ መጽሔት ነው።" ለዶክትሬቱ ማመልከቻ የሚሆነውን ከበዓሉ በኋላ መጻፍ እንድጀምር ነገረችኝና ወጣች። በሩን ክፍት ትታው።

ደስ ብሎኛል። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም፣ ደስ ብሎኛል።


ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

እማዬ መዓብዳ መጣች። ራሷ ናት "እኒያን ልያቸው" ያለችው። የበዓል ነጠላዋን ለብሳ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ ምንም ላለመንካት ተጠንቅቃ ገባች።

ሞሪያ ወንበር አመጣችላት። እማዬ "ቶዳ" ብላ ካመሰገነቻት በኋላ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ "ይቺ ናት ልትነጥቅሽ የነበረች?" አለችኝ።

"እማዬ፣ ዝም በይ።"

"ደህና ሰው ትመስላለች።"

ኤያል ማይክሮስኮፑን ከስክሪኑ ጋር አገናኘላት። ቅርፊቱ ላይ አረንጓዴ እያበሩ ተጨናንቀዋል። እማዬ ወደ ፊት ሳብ አለች። "አገሩን ሞሉት እኮ" አለች። የትኛዋ ምን እንደምትሠራ ጠየቀች፣ ነገርኳት። የሚሸት ነገር የለም ወይ አለች፣ የለም አልኳት።

ከዚያ በስክሪኑ ዳር፣ ከቅርፊቱ ራቅ ብላ፣ አንዲት ብቻዋን የምትዞር አየች።

"ይቺስ?"

"ገና መምጣቷ ነው። ቅርፊቱ ላይ አላረፈችም።"

"ሌሎቹ እዚያ እንዳሉ ታውቃለች?"

"ገና አታውቅም። ቃላቸው በውሃው ሲደርሳት ታውቃለች።"

እማዬ ዓይኗን አልነቀለችም። ኤያል የተሻለ ሊያሳያት ፈልጎ ናሙናውን ሊቀይር እጁን ሲዘረጋ፣ ምንም አልነካም ብላ የገባችው እማዬ ክንዱን ያዘችው።

"ተዋት" አለችው በአማርኛ። "ውሃዋን አትንካባት።"

ኤያል አልገባውም፣ ወደ እኔ አየ። ተረጎምኩለት። እጁን መለሰ፣ ወንበሩን ሳበ። ሞሪያም አልሄደችም። አራታችንም ተቀምጠን ጠበቅናት።